የእማዬን የሕይወት ታሪክ ጻፊ አሉኝ፤ እጄ አልሄድ አለ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ዕድሜዬ 52 ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ለወላጆቼ የመጀመሪያ ልጅ። እናቴ ነርስ ናት። «ነበረች» ማለት ይከብደኛል፤ ጡረታ ከወጣች 17 ዓመት ቢሆናትም ሰው ሁሉ ዛሬም «ሲስተር» ነው የሚላት። አሁን 77 ዓመቷ ነው። 36 ዓመት ሆስፒታል ሠርታለች። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን በነፃ የደም ግፊት ትለካለች፣ ለወጣቶች የመጀመሪያ ዕርዳታ ታስተምራለች፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ቁስላቸውን ታጥባለች። የቀረችበትን ቀን አላስታውስም።

በሚቀጥለው ወር አብረዋት የሚያገለግሉት በጎ ፈቃደኞች የምስጋና ዝግጅት አሰናድተውላታል። የሕይወት ታሪኳን ጽፌ እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። «ካንቺ በላይ ማን ያውቃታል?» አሉኝ። ችግሬም የጀመረው ከዚህ ነው።

የተወለደችበትን፣ የተማረችበትን፣ የሠራችበትን ዓመት በአንድ ማታ ጽፌ ጨረስኩ። «ለቤተሰቧም መልካም እናት ነበረች» የሚለው ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እንደቆመ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ክፉ ነበረች ማለቴ አይደለም። አልመታችንም፣ አላጎደለችብንም። ቤት ግን አልነበረችም። አባቴም ሥራው ከቤት የሚያርቀው ሰው ነበር። እሷ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ታናናሾቼን አብልቼ የማስተኛው እኔ ነበርኩ፤ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ። 13 ዓመቴ ላይ ወንድሜ አንድ ሌሊት በትኩሳት ሲቃጠል አደረ። ጨርቅ እየነከርኩ፣ ውኃ እየሰጠሁ፣ እየቀሰቀስኩ አነጋሁት። ጠዋት ገባች፤ ግንባሩን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች፤ «ጎበዝ» አለችኝና ሄዳ ተኛች። ያቺ «ጎበዝ» እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ሌላም አለ። ከሥራ ስትገባ እጇን እስከ ክርኗ ሳትታጠብ አትነካንም ነበር። እኛ ከኋላዋ ተሰልፈን እስክትጨርስ እንቆጥራለን። አንዳንድ ቀን ታጥባ ሳትጨርስ በሩ ይንኳኳል። «ሲስተር አሉ?» እጇን አድርቃ ትወጣለች።

አባቴ ከማረፉ በፊት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ሲውል ያስታመመችው እሷ ናት። ቁስል እንዳይወጣበት በየሁለት ሰዓቱ ሌሊትም ተነስታ ታገላብጠው ነበር። ሲያቃስት ድምፅዋ ይለወጣል፤ እንዲያ ያለ ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። ሰው ለምን እንደሚወዳት ያኔ ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ባሰብኝ። ይሄን ድምፅ ስንት የማላውቀው ሰው ሰምቶታል ብዬ ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

እህቴ «ደስታዋን እንዳታበላሺባት፣ የሚባለውን ጽፈሽ አንብቢ» ትለኛለች። ባለቤቴ «ካልሆነልሽ ሌላ ሰው ያንብበው» ይላል። ውሸት ማንበብ አልፈልግም። እውነቱን ማንበብ ደግሞ ልጅ በእናቷ ላይ የምታደርገው ነገር አይደለም። ምን ላድርግ?

የመጀመሪያዋ ልጅ

•

እህቴ፣ «አንቺ» ብዬ ብጽፍልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። የታሪክሽ ቅርበት «እርስዎ» ለማለት አላመቸኝም።

ካፈርሽበት ነገር ልጀምር። «በዚህ ዕድሜዬ!» ብለሽ ቃለ አጋኖ አድርገሽበታል። የቀናችው ግን የ52 ዓመቷ ሴትዮ አይመስለኝም። እጅ እስኪታጠብ ከኋላ ቆማ የምትቆጥረው ልጅ ናት። ተራዋ ሊደርስ ሲል በር እየተንኳኳ ስንት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለሰች? አባትሽ አልጋ አጠገብ ያን ድምፅ ስትሰማ ሰልፉ ላይ እንዳለች ትዝ አላት። ይሄ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እጅሽ መቆሙም ስንፍና አይደለም። «ለቤተሰቧም መልካም እናት ነበረች» የሚለው ዓረፍተ ነገር የማንም ነው። ስሙን ቀይሮ ለየትኛዋም እናት ማንበብ ይቻላል። አንቺ ደግሞ የማንንም ሳይሆን የራስሽን እናት እንድትጽፊ ነው የተጠየቅሽው።

ሰው ሲወደስ ታሪኩ ያጥራል፤ ይሄ በእናትሽ የተጀመረ አይደለም። ነርስ ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስባት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት፤ መብራት ይዛ በቁስለኞች መካከል የምታልፈው። በክራይሚያ ጦርነት ያገለገለችው ከ1854 መጨረሻ እስከ 1856 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ነው፤ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ያረፈችው ግን በ1910፣ በ90 ዓመቷ ነው። ከ1857 በኋላ ያለውን አብዛኛውን ዘመኗን በሕመም ቤት ውላ፣ ብዙውን ጊዜም አልጋዋ ላይ ሆና እየጻፈች ነው የሠራችው። ነርስ እሆናለሁ ባለች ጊዜ ደግሞ እናቷና እህቷ አጥብቀው ተቃውመዋት ነበር። ከዚህ ሁሉ ሰው ይዞ የቀረው መብራቷን ነው። እናትሽንም በዝግጅቱ ላይ መብራት አስይዘው ያቆሟቸዋል። መብራቱ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ በማግስቱ ጠዋት ቤት የገባችውን ሴት ግን አያሳይም።

እኔ ነርስ አይደለሁም፤ ነርሶች መካከል ግን ብዙ ኖሬያለሁ። ሁለት ነገራቸውን ላስታውስሽ። የመጀመሪያው ማስታወሻቸው ነው። ጎበዝ ነርስ ቻርት ላይ «ሕመምተኛው ተበሳጭቷል» ብላ አትጽፍም። «መድኃኒቱን አልወስድም አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ» ብላ ትጽፋለች። ያየችውንና የሰማችውን እንጂ የፈረደችውን አታሰፍርም። አሁን ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። «ግንባሩን በእጇ ጀርባ ዳሰሰች፤ ‹ጎበዝ› አለችኝና ሄዳ ተኛች።» ይሄ የነርስ ማስታወሻ ነው! የሕይወት ታሪኩን መጻፍ አቃተኝ ያልሽው ሴት ከማንም በተሻለ ጽፈሽልኛል። ያቃተሽ ፍርዱ ነው፤ «መልካም እናት» ወይም «መልካም ያልሆነች» የሚለው። እሱን ደግሞ ማንም ጻፊ አላለሽም።

እነሱው ዘንድ አንድ አባባልም አለ፤ «ያልተጻፈ እንዳልተሠራ ይቆጠራል።» የተሰጠው መድኃኒት፣ የተለወጠው ፋሻ ካልተመዘገበ ቀጣዩ ተረኛ እንዳልተደረገ ይወስደዋል። ያቺን የ13 ዓመትሽን ሌሊት እስቲ አስቢያት። እናትሽ ሆስፒታል ተረኛ በነበሩበት ሰዓት ቤታችሁም ተረኛ ነበረው። የዚያኛው በቻርት ተመዝግቧል፣ ደመወዝ ተከፍሎበታል፣ አሁን ምስጋና ሊቀርብበት ነው። የአንቺን ሌሊት ማንም የትም አልጻፈውም። ጉሮሮሽ ላይ የቀረው እሱ ይመስለኛል። እናትሽ ስለሚወደሱ የከፋሽ አይመስለኝም። አገልግሎቱ ሲቆጠር የአንቺ ድርሻ እንዳልተሠራ ተቆጥሮ ሊያልፍ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ነገራቸው ርክክብ ነው። ጠዋት አዳሪዋ ነርስ ለገቢዋ ታስረክባለች፤ ሕመምተኛው እንዴት አደረ፣ ምን ተደረገለት፣ ምን ይቀረዋል። ጥሩ ርክክብ የሚለየው በመጨረሻዋ ነገር ነው። «ይሄን ልሠራ ነበር፣ አልደረስኩበትም» ማለት አያሳፍርም፤ መደበቁ ነው ሰው የሚጎዳው። የአንድ ረጅም ዕድሜ ታሪክም ያልተደረሰበት ነገር ይኖረዋል። ብዙውን ጊዜ የማይደረስበት ቤት ነው።

«ጎበዝ» ስላሏት ቃል አንድ ነገር ልበልሽ፤ እርግጠኛ ሆኜ ግን አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ በእግሩ የቆመ ሰው ቤቱ ሲገባ አንቺን ያየሽ ምናልባት እንደ ልጅ ሳይሆን ሌሊቱን በደንብ ይዛ ያደረች ባልደረባ አድርጎ ይሆናል። ከነርስ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው። ችግሩ ባልደረባዋ 13 ዓመቷ መሆኑ ነው። ልጅ ከምስጋናው በፊት እቅፍ ትፈልጋለች፤ «ፈርተሽ ነበር?» የሚላት ትፈልጋለች። እናትሽ በዚያች ጠዋት የሚሰጡት ነገር ቀርቷቸው ነበር? ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ መዛል ሲጽፍ፣ ነገሩን ያስተዋለው ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ነፃ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ በሚያገለግሉ ሰዎች ላይ ነበር። ሰነፎቹ አልነበሩም የዛሉት፤ አብዝተው የሚሰጡት ነበሩ። ይሄን የምጽፍልሽ ይቅር በያቸው ለማለት አይደለም። ከእናትሽ ጋር ስትነጋገሪ «ለእኛ ግድ አልነበራትም» ከሚለው ሌላ የሚቻል ታሪክ እንዳለ ይዘሽ እንድትገቢ ነው።

አዎ፣ መነጋገር አለባችሁ። ከዝግጅቱ በፊት፣ ሁለታችሁ ብቻ።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት መድረኩ ላይ ቅሬታሽን ስለ ማንበብ፤ አታድርጊው። ይሄን በጥብቅ ነው የምልሽ። ያን ቀን ማይክሮፎኑ በአንቺ እጅ ነው፤ እርሳቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሰው እያያቸው ነው። መመለስ አይችሉም፣ ማልቀስ አይችሉም፣ ተነስተው መውጣትም አይችሉም። ዕዳ እንዲህ አይጠየቅም። የባለቤትሽን ሐሳብ ግን አልጥለውም። ቀኑ ደርሶ ድምፅሽ እንቢ ካለ ሌላ ሰው ቢያነበው ሽንፈት አይደለም። ጽሑፉ ግን ያንቺ ይሁን።

እህትሽ ደግሞ ግማሽ ትክክል ናት። አንድ ነገር ጠይቂያት፤ «ማታ ማታ እማዬ ስትወጣ አንቺ ምን ትዝ ይልሻል?» መልሷ ያስገርምሽ ይሆናል። ምናልባት የሌሊቱን ባዶነት አታስታውስም፤ አንቺ ስለነበርሽ። አንዳንዴ ታናናሾች የማይቆስሉት ታላቃቸው ቁስሉ ላይ ስለቆመች ነው። «አታበላሺባት» የምትለው ለእናቷ አድልታ ሳይሆን የምታወሪው ነገር እውነትም ስላልደረሰባት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እናትሽ። ጊዜ ምረጪ፤ እሱ ከሁሉ ከባዱ እንደሆነ ይገባኛል። ግማሽ ቀን በሩ የማይንኳኳበት፣ ስልኩ የተዘጋበት ጊዜ ጠይቂያቸው። «የሕይወት ታሪክሽን ስጽፍ የጎደለኝ ነገር አለ፤ ካንቺ በቀር የሚሞላልኝ የለም» በያቸው፤ እውነትም ነው። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ አትጀምሩ። እንደ እርሳቸው ያሉ ሰዎች እጃቸው ሥራ ሲይዝ አፋቸው ይፈታል። ልብስ እያጣጠፋችሁ ይሁን፣ ወይም የግፊት መለኪያውን አምጪና ለኪኝ በያቸው። ሲለኩ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ እንድትቀመጪ ያደርጉሻል፤ እግርሽን መሬት አስረግጠው፣ ክንድሽን በልብሽ ትክክል አስደግፈው። በዚያ መሐል ማውራት እንደማይፈቅዱልሽ ታውቂያለሽ። ግድ የለም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሳይንኳኳባችሁ አምስት ደቂቃ እጃቸው እጅሽ ላይ የቆየበት ጊዜ ስንት ነው?

ከዚያ አንድ ሌሊት ብቻ አንሺ፤ ሁሉንም አይደለም። «ለምን» በሚል ቃል አትጀምሪ፤ «ለምን ጥለሽን ትሄጂ ነበር» ከተባለ ማንም ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ወንድሜ ትኩሳት ይዞት ያደረ ዕለት ትዝ ይልሻል? ያን ጠዋት ስትገቢ ምን አስበሽ ነበር?» በያቸውና ዝም በዪ። ዝምታው ቢረዝም አትሙዪው። ሮበርት በትለር የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም በ1963 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ጽፎ ነበር፤ አረጋውያን ያለፈ ሕይወታቸውን ደጋግመው ማንሳታቸው የእርጅና መዘባረቅ ሳይሆን ሕይወታቸውን መልሶ የመመርመር፣ ያልተፈታውን የመፍታት ተፈጥሯዊ ሥራ ነው ይላል። እናትሽ 77 ዓመታቸው ነው። አንቺ ያላነሳሽውን ሌሊት እርሳቸው ብቻቸውን ስንቴ እንዳነሱት አታውቂም።

«አላስታውስም» ሊሉሽ ይችላሉ። ይሄ ያምሻል። ላንቺ የሕይወትሽ ረጅሙ ሌሊት፣ ለእርሳቸው ከሺህ ሌሊቶች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ክህደት አድርገሽ አትውሰጂው። «እንግዲያው እኔ ልንገርሽ» በያቸውና እንደ ነርስ ማስታወሻ ንገሪያቸው፤ ጨርቁን፣ ውኃውን፣ ሰዓቱን። «ለእናንተው ብዬ ነው የሠራሁት» ካሉሽም አትከራከሪ፤ ትክክል ናቸው። «አውቃለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር» ማለት ይበቃል። ሁለቱም እውነት አብረው መቀመጥ ይችላሉ። ቢያለቅሱ ደግሞ አታባብዪያቸው፤ ቶሎ ብለሽ «ተይው፣ አለፈ» አትበዪ። 43 ዓመት ሙሉ የሰውን ስሜት ስትሸከሚ ኖረሻል፤ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እናትሽ የራሳቸውን ይሸከሙ።

ከዚያ በኋላ የጽሑፉ ነገር ይቀላል ብዬ አስባለሁ። «መልካም እናት ነበረች» የሚለውን ሰርዢና በቦታው ያየሽውን አስገቢ። ለምሳሌ እንዲህ፤ ቃላቱን አንቺ ታስተካክያለሽ፤

«እማዬ ከሥራ ስትገባ እጇን እስከ ክርኗ ሳትታጠብ አትነካንም ነበር። እኛ ከኋላዋ ተሰልፈን እንቆጥር ነበር። አንዳንድ ቀን ተራችን ሳይደርስ በሩ ይንኳኳል፤ ከእናንተ አንዳችሁ ትሆናላችሁ። ዛሬ እዚህ ላላችሁ ሁሉ የሰጠቻችሁን ጊዜ ስናስብ፣ ከእኛም ሰልፍ ላይ የተነሳ እንደነበር እንነግራችኋለን። እየተቆጨን አይደለም የምንነግራችሁ፤ ስጦታው የእኛም እንደነበር እንድታውቁ ነው።»

ይሄ ውሸት የለውም፤ እናትሽንም አያዋርድም። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ደግሞ ከዓመተ ምሕረቱ ዝርዝር ይልቅ ይሄን ይዞ ይሄዳል። «እየተቆጨን አይደለም» የሚለውን ግን እውነት ካልሆነ አታንብቢው፤ አውጪው። አባትሽን ሲያስታምሙ የሰማሽውን ድምፅም ጻፊው። እንደቀናሽበት መናገር አያስፈልግሽም፤ በየሁለት ሰዓቱ ሌሊት ሲነሱ ያየሽ አንቺ ነሽ፤ ሌላ ምስክር የለም።

ረቂቁ ሲያልቅ ከማንም በፊት ለእናትሽ አንብቢላቸው፤ ይሄ የማይታለፍ ነው። «ይሄ ይውጣ» ካሉ ይውጣ። ሕይወቱ የእርሳቸው ነው፤ አንቺም የፈለግሽውን አንዴ በጆሯቸው ሰምተውታል።

ምናልባት ከተነጋገራችሁ በኋላ ይበልጥ ቢከፋሽ፣ እንቅልፍ ቢነሳሽ፣ ከልጆችሽ ጋር ስትሆኚ ያቺ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እየመጣች ብታስቸግርሽ፣ ከባለሙያ ጋር ጥቂት ጊዜ መቀመጥ ይረዳሻል። ልጅ ሆነው ወላጅ የሆኑ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነሱን መርዳት የሚያውቁ አማካሪዎችም አሉ። እናትሽ በዚህ ዕድሜያቸው ቁስል ለማጠብ ቤት ለቤት መሄዳቸውን ስለ ማቆም አልጠየቅሽኝም፤ እኔም አልገባበትም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ስትቆጥሩ እስከ ስንት ትደርሱ ነበር? እጅ በደንብ ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይፈጃል፤ እናትሽ ደግሞ እስከ ክርን ነው የሚታጠቡት። ወደ እርሳቸው ስትሄጂ እሱንም ጠይቂያቸው፤ ከኋላቸው ስትቆጥሩ ይሰሟችሁ እንደነበር።